ጸያፍ የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለ ማወቅ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬውን ርእስ ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ ፊታችሁን ያጠቈራችሁም አትጠፉም። ነውር አይሁንብኝና፣ ነገሩ ስለ ሽንት፣ ስለ ሰገራና ስለ ፈስ ነው። ይኸውም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እነዚህን በጸያፍ አነጋገር ሲጠሯቸው እኛ ተማሪዎች እንዴት እንረዳቸዋለን? ለማለት ነው።

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ የሚያድግ ልጅ በቤቱ ቸሃ ወይም እዣ፣ መስቃን ወይም ክስታኔ ይናገራል። በገበያና በትምህርት ቤት አማርኛ ይጨምርበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ወሰነ፣ እንግሊዝኛ ለዚህ ልጅ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። የሚማረውም ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ግን ጨዋ ነው፤ ስለ ኩላሊት ሥራ በሰፊው ያስረዳል እንጂ ሰካራም በመንገድ ላይ የሚለውን አያስተምርም። ስለዚህ ተማሪው ፊልም ሲያይ ወይም ከውጭ አገር ሰው ጋር ሲጨዋወት፣ ሲሰደብ የተመሰገነ ይመስለዋል፤ ሲቀለድለትም የተሰደበ ይመስለዋል።

በመጀመሪያ፣ አንዱ ነገር ብዙ ስም እንዳለው እንወቅ። ሽንትን ሐኪሙ «ዩሪን»፣ እናት ለልጇ «ፒ»፣ የመንገድ ሰው «ፒስ» ይሉታል። ሰገራም ለሐኪሙ «ስቱል»፣ ለሕፃኑ «ፑ»፣ ለተሳዳቢው «ሺት» ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛም በጽሑፍ «ዓይነ ምድር» እንላለን፤ ለሕፃን «ካካ» እንላለን፤ በመንደር ጠብ ጊዜ የምትወረወረውን ባለ ሁለት ፊደል ቃል ደግሞ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጨዋውም ቃል ቢሆን ወጥመድ አለው። «ስቱል» መጀመሪያ በርጩማ ማለት ነበር፤ በጥንት ዘመን እንግሊዞች የሚጸዳዱበት መቀመጫ በዚሁ ስም ስለ ተጠራ፣ ስሙ ከመቀመጫው ወደ ሰገራው ወረደ። ሐኪም «ስቱል አምጣ» ሲል በርጩማ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ቢገኝ እንግዲህ ጥፋቱ የቃሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ጸያፍነት ከድምፁ አይመጣም፤ ከዘመንና ከማኅበር ይመጣል። «ፒስ» የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይገኛል፤ ዛሬ በጨዋ ጉባኤ አይነሣም። «ሺት» ደግሞ ጥንታዊ የባላገር ቃል ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛና ላቲን የመኳንንትና የሊቃውንት ቋንቋ ስለ ሆኑ፣ የባላገሩ ቃል ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ቀረ።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር፣ የመንገድ ቃል ከሰውነት ርቆ መሄዱ ነው። «ፒስድ» በእንግሊዝ አገር «ሰክሯል» ማለት ሲሆን በአሜሪካ «ተናዷል» ማለት ነው። በሁለቱም ዘንድ ሽንት የሚባል ነገር የለበትም። እኛስ? «ሽንታም» ብለን ፈሪን እንሰድባለን፤ «ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም» ብለን ምስጢር ያለበትን ሰው እንነካለን። «ቡልሺት»ንም ተመልከቱ። ቃል በቃል የበሬ ፋንድያ ነው፤ ፍቺው ግን ውሸትና ከንቱ ወሬ ነው። በጉራጌ አገር ፍግ የእንሰት ምግብ ነው፤ ከብት ከሚረባበት ምክንያት አንዱም ይኸው ፍግ ነው። ታዲያ ቃሉን በቃሉ የተረጐመ የጉራጌ ልጅ፣ የተሰደበ ሳይሆን ለጓሮው ስጦታ የተሰጠው ሊመስለው ይችላል!

አንዳንዶቻችን ግን እነዚህን ቃላት ሰምተን እንደ ሥልጣኔ ምልክት እንደጋግማቸዋለን። በእናታችን ፊት በቋንቋችን የማንለውን በእንግሊዝኛ ስንለው አይከብደንም። በለንደን የበርክቤክ ኮሌጅ ምሁር ዣን ማርክ ዴዋለ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ስድብ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በአፍ መፍቻ ቋንቋ መሆኑን አሳይተዋል። ክብደቱ ለእኛ አይሰማን እንጂ ለሚሰማን ሰው ሙሉ ነው። ሚዛን የሌለው ነጋዴ ቅመም ሲሸጥ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ጆሮአችንን እንድፈን? አይደለም። በተለይ ሕክምና የምትማሩ ጓደኞቼ አስቡበት። ሆዱ የተቀደደ በሽተኛ አንጀቱ ሥራ መጀመሩ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ፈስ መውጣቱ ነው። መጽሐፉ «ጋዝ» ይላል፤ ለእናቶቻችን ጋዝ የኩራዝ ነው። ዐፍሮ ያልጠየቀ ወይም ያልተረዳ ሐኪም በሽተኛውን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው የቡታጅራ ገጠር ጤና ጥናትም ለዓለም በእንግሊዝኛ የታተመው ውጤት፣ መጀመሪያ ከገበሬው ቤት በገበሬው ቃል የተሰማ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ሁሉን ቃል ለመረዳት እንማር፤ መዝገበ ቃላቱ «ጸያፍ» የሚል ምልክት ያደረገበትን እናስተውል፤ ማን ለማን፣ የት እንዳለው እንመርምር። ለመናገር ግን ጨዋውን ቃል እንያዝ። ማወቅ ነውር አይደለም፤ ሳያውቁ መናገር ግን ያስነውራል።