የትኛው የወንጀል ጉዳይ ለኢንሳይክሎፒዲያ ይበቃል?



ስለ ኢትዮጵያ ወንጀልና ፍትሕ ለኢንሳይክሎፒዲያ የሚጽፍ ሰው የሚገጥመው ችግር የጉዳይ ማነስ ሳይሆን የጉዳይ መብዛት ነው። ሁሉን ልጻፍ ቢል ጽሑፉ የፖሊስ መዝገብ ይሆንበታል፤ በወሬ የገነነውን ብቻ ልምረጥ ቢል ደግሞ የገበያ ወሬን ታሪክ ብሎ ያትማል። ስለሆነም መለኪያ ያሻዋል። ይኸውም የፈሰሰው ደም ብዛት ወይም የተከሳሹ ዝና ሳይሆን፣ ጉዳዩ በሕጉ ላይ የተወው ምልክት ነው።

በ1987 ዓ.ም. መሰማት ጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ የተሰጠበት የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ቦታ የሚገባው የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ስም ስላለበት ብቻ አይደለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ስለ ዘር ማጥፋት ሲደነግግ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ውስጥ የሌሉትን የፖለቲካ ቡድኖች ጭምር ይጠብቅ ነበር። ይህ ድንጋጌ በዚያ ችሎት ተፈትኗል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውና ራሷን በመከላከል ነጻ የተባለችው ልጃገረድ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የቀድሞው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ጋብቻው ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። የልጅቱ ስም ሳይጠቀስ ትምህርቱ ሙሉ ነው።

ይሁንና ይህ መለኪያ ከካምባ ሲታይ ይጎድላል። በጋሞ ደጋ ጠብ በዱቡሻ፣ በሽማግሎች ፊት ይታያል፤ ዕርቁም በቃል ይጸናል። ከዚህም የተነሣ ለአዘጋጁ የሚደርስ ወረቀት እምብዛም የለም። በጽሑፉ ውስጥ ካምባን ያጣ አንባቢ አገሩን ወንጀል የሌለበት ወይም ሕግ የሌለው አድርጎ ይገምታል፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መልሰዋል። ያልተፈጸመ ወንጀል የክስ መዝገብ የለውም፤ ስለ አገሩ ሕግ ግን ብዙ ይመሰክራል።

እንግዲህ አዘጋጁ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ጉዳዩ ፍርድ አግኝቷልን? ሕጉን ለውጧል ወይስ ፈትኗል? መዝገብ የሌለው አገርስ በምን ይወከላል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ፍርድ ያላገኘ ሰው እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ችሎት ያልፈረደበትን ሰው ስም በወንጀለኞች ተርታ ያተመ ብዕር፣ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ሰጥቷልና።