የግቢ ሣርና የጋራ ውሃ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። የማይፈስ ውሃ የገባበትን ይዞ ይቀራልና።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ ለግቢ ሣር የሚበተን ማዳበሪያ በዝናብ እየታጠበ ሐይቅ ይገባል። ፎስፈረሱ አልጌ ያፋፋል፤ አልጌው ሲበሰብስ የውሃው ኦክስጅን ያልቃል፤ ዓሣ ይታፈናል። ስለዚህ ግዛቲቱ ፎስፈረስ ያለበትን የሣር ማዳበሪያ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ፣ በ2005 ደግሞ በመላ ግዛቲቱ ከለከለች። ሕጉ ጨካኝ አይደለም፤ አዲስ ሣር ለሚያበቅል ወይም አፈሩ ፎስፈረስ እንደሚያንሰው በምርመራ ለተረጋገጠለት ይፈቅዳል። አስፋልት ላይ የፈሰሰውን ግን ወዲያው መጥረግ ግዴታ ነው።

«የገዛ ግቢዬ ነው፤ ማን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ግቢው የእርሱ ይሁን፤ ሐይቁ ላይ ግን የሰው ሁሉ ሐቅ አለ። ማዳበሪያ ስትገዙ ከረጢቱ ላይ ከተጻፉት ሦስት ቁጥሮች መካከለኛውን እዩ፤ ዜሮ ከሆነ ፎስፈረስ የለበትም።