ጆሮ በርቀት ይማራልን? የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብን በቅይጥ ዘዴ ስለ ማስተማር



ንግግሬን ከአንድ ስሕተት እጀምራለሁ። ስሕተቱ የራሴ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 ወደ አገራችን ገብቶ የገጽ ለገጽ ትምህርት ሲቋረጥ፣ እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ቤቴን የመማሪያ ክፍል አደረግሁ። የምኖረው ቦሌ ሚካኤል ነው። ለአውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ለሆነ ሰው ጸጥታ ተጠብቆ የሚገኝ ነገር ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ እያቆምሁ፣ ካለፈ በኋላ እየቀጠልሁ፣ ስለ ትዝታ፣ ስለ ባቲ፣ ስለ አምባሰልና ስለ አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ትምህርት ቀረጽሁ። ቅኝቶቹን ያሰማሁት በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነበር። ተማሪዎቼም ክራራቸውን በስልክ መቃኛ መተግበሪያ እያመሳከሩ እንዲቃኙ አዘዝሁ።

ወደ ክፍል ስንመለስ አንዲት ተማሪ ክራሯን ይዛ ቀረበችና አንቺ ሆዬን ተጫወተች። እንደ መተግበሪያው መለኪያ ከሆነ እንከን አልነበረበትም። ጆሮዬ ግን አልተቀበለውም።

«ቤት ውስጥ ስትለማመጂ ማን ሰማሽ?» አልኋት።

«አባቴ።»

«ምን አሉሽ?»

አንገቷን ደፋች። «‹ክራሩን ማን አበላሸው?› አለኝ። ‹መምህሬ እንዲህ ነው ያሉት› አልኩት።»

አባቷ ትክክል ነበሩ። ኪቦርዱ አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል ክፍሎች ይከፍላል፤ መተግበሪያውም የሚለካው በዚሁ ሚዛን ነው። የክራርና የመሰንቆ ተጫዋች ግን የሚቃኘው ለድምፃዊው ጉሮሮና ለራሱ ጆሮ ነው። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ከእኩሉ ክፍፍል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ከተጫዋች ተጫዋችም ይለያያል። አንቺ ሆዬን ከዶ አንሥተን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ብለን እንጽፈዋለን። ጽሑፉ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ያስታውሳል እንጂ አያሰማም።

ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አልነበረም። ተማሪ ለብቻው ሊያውቀው የሚችለውን፣ በሌላ ሰው ፊት ብቻ ከሚገኘው ሳልለይ ሁሉንም በአንድ መስኮት ማስተላለፌ ነበር። የቅይጥ ትምህርት ዋና ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ የቱ ለብቻ ይጠና? የቱስ ፊት ለፊት ይሁን?

ይህን መለየት ለእኛ አዲስ አይደለም። የዜማ ቤታችን ተማሪ የዕለት ትምህርቱን ለብቻው ደጋግሞ ያጠናል፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ ይታረማል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር ስማቸው የሚነሣው የዜማ ምልክቶች በፊደሉ ላይ የሚሰፍሩት፣ ዜማውን አስቀድሞ በጆሮው ለተቀበለ ሰው ነው። ድጓን አስመስክሮ መምህር ለመሆን የሚሻ ተማሪ እስከ ጋይንት ቤተልሔም የሚዘልቀው መጽሐፍ አጥቶ አይደለም፤ ዜማው በመምህር ጆሮ እንዲመዘን ነው።

የፊዚክስ ሕግም ይህንኑ ያጸናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ድምፃቸው 30 ሚሊሰከንድ ያህል ከዘገየ ምቱን አብሮ መያዝ ይቸግራቸዋል፤ ይህም የ10 ሜትር ርቀት ማለት ነው። በቪዲዮ ስብሰባ ግን መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል። ከዚህም በላይ፣ ለንግግር የተሠራው የድምፅ ማጽጃ የበገናን ንዝረት እንደ ሁካታ ቆጥሮ ሊቀንሰው ይችላል። ስለዚህ በመስመር ላይ ስለ ሙዚቃ መነጋገር እንችላለን፤ አብሮ መቃኘት ግን አይሆንልንም።

ዛሬ ኮርሴን የማዋቅረው በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ወደ ስልክ የሚሄደው የሚነበበውና የሚደመጠው ብቻ ነው። ይኸውም የኖታ ንባብ፣ የቅኝቶች አወቃቀርና የድምፅ ቅጂዎች ናቸው። አንዱን ቅኝት ቢያንስ ሦስት ተጫዋቾች ሲጫወቱት አሰማለሁ፤ ኪቦርዱ የሚመጣው በመጨረሻ፣ ለማነጻጸር ነው። ፋይሎቹ አጫጭር ናቸው፤ አንድ ጊዜ ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል የቆየው ኢንተርኔት ይህን አስተምሮኛል። የተማሪ የዳታ ጥቅልም ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ የቤት ሥራው ከሰፈር ይጀምራል። በእኔ ሰፈር ንጋት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚሰማው ዜማ፣ ከመስጊድ የሚነሣው አዛን፣ ከሶማሌ ምግብ ቤቶች የሚወጣው ዘፈን በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ተማሪው በየሰፈሩ የሰማውን በኖታ ይጽፋል፤ ከዚያም ኖታው የትኛውን ድምፅ መያዝ እንዳቃተው ያብራራል። ለእኔ ንድፈ ሐሳብ የሚጀምረው ከዚህ ማብራሪያ ነው።

ሦስተኛ፣ በክፍል ውስጥ ሌክቸር የለም። ይቃኛሉ፣ ይዘምራሉ፣ እርስ በርስ ይተራረማሉ። በፈተና ቀን ስልክ ይዘጋል፤ እያንዳንዱ ክራሩን ለጓደኛው ድምፅ ይቃኛል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ቅይጥ ትምህርት የክፍልና የመምህር እጥረትን ያቃልላል ይላሉ። በሌሎች ትምህርቶች እውነት ሊሆን ይችላል። በእኛ ሙያ ግን መስመር ላይ ያገኘነው ሰዓት ተመልሶ ለክፍሉ መዋል አለበት፤ ሌክቸሩ ወደ ስልክ የሄደው ለመደማመጥ ጊዜ እንዲተርፍ ነውና። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከመሥራች ዳይሬክተሩ ከአሸናፊ ከበደ ዘመን አንሥቶ ያፈራቸው ባለሙያዎች የምዕራቡን ኖታና የአገራችንን መሣሪያዎች ጎን ለጎን የተማሩት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነው። የፊት ለፊቱን ሰዓት ብንቀንስ፣ ኖታ የሚያነብ፣ ነገር ግን አባቱ የሚሰማውን የማይሰማ ምሩቅ እናወጣለን።

ያቺ ተማሪ በማግሥቱ አባቷ የቃኙትን አንቺ ሆዬ በስልኳ ቀርጻ አመጣችልኝ። በእርሳቸው ፈቃድ፣ ዛሬ የኮርሴ የመጀመሪያ ፋይል እርሱ ነው።