ቀለም ያልተለየው ሐዘን፦ የፒካሶ «የምታለቅስ ሴት»

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1937፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ ጄኔራል ፍራንኮን ይረዱ የነበሩ የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች የባስክ ሕዝብ ከተማ የሆነችውን ጌርኒካን በቦምብ ደበደቡ፤ ይኸው የኢጣልያ አየር ኃይል ከ1935 እስከ 1936 በኢትዮጵያውያን ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያዘነበ ነበር። ፓብሎ ፒካሶ ጥፋቱን 7.8 ሜትር ገደማ በሚረዝም ሸራ ላይ በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ብቻ የሣለበት «ጌርኒካ» ዝናው የናኘ ነው። ይልቁንም ብዙ ሊባልለት የሚገባው በዚያው ዓመት በኦክቶበር የተሠራውና ዛሬ የለንደኑ ቴት ሙዚየም ንብረት የሆነው «የምታለቅስ ሴት» ነው።

ሥዕሉ ቁመቱ 60፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መነሻው በ«ጌርኒካ» ግራ ጥግ የሞተ ልጇን ታቅፋ ወደ ሰማይ የምትጮኸው እናት ስትሆን፣ ፒካሶ ትልቁን ሥዕል ከጨረሰ በኋላም ይህንኑ የልቅሶ ፊት ለወራት በንድፍ፣ በኅትመትና በዘይት ቀለም ደጋግሞ ሠርቶታል። በዚህኛው ልጁም፣ እሳቱም፣ ፍርስራሹም ቀርተው ሴቲቱ ብቻዋን ቀርታለች፤ ለመልኳም መነሻ የሆነችው «ጌርኒካ» ሲሣል በየደረጃው ፎቶግራፍ ያነሣችው ዶራ ማር ናት።

አሣሣሉ ኩቢዝም የሚባለውን፣ ማለትም የአንድን አካል የፊትና የጎን ገጽታ ሰባብሮ በአንድነት የሚያሳየውን ስልት የተከተለ ነው። ፀጉሯ ተበጥሯል፤ ቀይ ባርኔጣዋ ላይ ሰማያዊ አበባ ተሰክቷል፤ ቆዳዋ ቢጫና አረንጓዴ ነው። በአፏ ዙሪያ ግን ይህ ሁሉ ቀለም በድንገት ተገፎ ቀዝቃዛ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል፤ በጥርሷ የነከሰችው መሐረብ እንደ ተሰበረ መስተዋት የሾለ በመሆኑ፣ ጣቷ የቱ ጋ አብቅቶ መሐረቡ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት ያዳግታል።

የሥዕሉ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ለተገደሉት ቀለም የነፈገ ሠዓሊ በሕይወት ለተረፈችው ሐዘንተኛ ያለውን ቀለም ሁሉ ሰጥቷል፤ ምክንያቱም ጦርነት ያመጣው ሐዘን ጥቁር ለብሶ በለቅሶ ቤት ብቻ የሚወሰን ሳይሆን፣ ሰው ለብሶ፣ አጊጦ፣ ወደ ጉዳዩ ሊሄድ ሲነሣ የሚይዘው ነው። የቀለሙን ድምቀት ሐዘንን እንደ ማቃለል የሚቆጥር ተመልካች ይህን ልብ ሳይል ያልፋል። በስፔን አብያተ ክርስቲያናት እንደ እርሷ የሚያለቅሱ፣ የመስተዋት እንባ የሚፈስሳቸው የማርያም ሐውልቶች ቢኖሩም፣ በእነርሱ ልቅሶ ውስጥ የትንሣኤ ተስፋ አለ፤ ለዚህች ሴት ግን ፒካሶ ከቤት ግድግዳ በቀር የምታንጋጥጥበት ሰማይ እንኳ አልሣለላትም።