«ማን ሞተብሽ?» እንዳንባል
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል የመጣን ሰዎች ስለ ሻሽና ስለ ሊፕስቲክ ልንናገር መቆማችን ያስቃችሁ ይሆናል። እኛም ስቀናል። ነገሩ የተጀመረው ግን ከአንድ የወጪ መጠየቂያ ነው። ኬሞ የጀመሩ እህቶቻችን ለሻሽና ለመዋቢያ የሚሆን ገንዘብ እንዲወጣላቸው ሲጠይቁ፣ «ይህ ሕክምና አይደለም» ብለን ሳንፈርም መለስነው።

ብዙም ሳይቆይ ከጠያቂዎቹ አንዷ የመድኃኒት ቀጠሮዋን አሳለፈች። የታክሲ ገንዘብ ያጣች መስሎን ቤቷ ሄድን። ገንዘቡስ ነበራት። ጸጉሯ መድኃኒቱን በወሰደች በሦስተኛው ሳምንት ረግፎ የቀረውን ተላጭታ፣ ቤት ውስጥ ያገኘችውን ጥቁር ሻሽ አስራ ነበር። በታክሲው ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡት እናት «እግዜር ያጽናሽ ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አሏት። ስትመለስ ሌላ ሰው ይህንኑ ጠየቃት። መቼም በእኛ አገር የተላጨ ራስና ጥቁር ሻሽ ሲታይ ሌላ ምን ይታሰባል? «ሰው በቁሜ ሲያለቅስልኝ ከምሰማ ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል» አለችን።

በማግስቱ ፈረምን። ካልፈረምነው መካከል ቆይተን ራሳችን በዚያ የመድኃኒት ወንበር የተቀመጥን አለን። አሁን የምንነግራችሁ ከዚያ ወዲህ እየሞከርን የተማርነውን ነው።

መድኃኒቱ በጠይምና በጥቁር ገላ ላይ የሚያደርገውን ማወቅ ይቀድማል። ፊት ይደርቃል፣ ይገረጣል፣ አመድማ ይሆናል፤ አንዳንዶቻችን ላይ ደግሞ ማድያት የመሰለ ጥቁረት ይወጣል፣ ጥፍርም ይጠቁራል። በእንዲህ ያለ ፊት ሥር ግራጫና የደበዘዘ ቡኒ ሲለበስ ድካሙን ያጎላዋል። ወይን ጠጅ፣ የጡብ ቀለም፣ ደማቅ ሰማያዊና ጠለቅ ያለ አረንጓዴ ግን ለብዙዎቻችን ፊት ሕይወት ሰጥተውታል። ቀለሙ መታየት ያለበት ከአንገት በላይ ስለሆነ ልብስ ሁሉ መለወጥ አያስፈልግም፤ አንድ ሻሽ ይበቃል። የሚያንሸራትት ጨርቅ ራስ ላይ አይቆምም፤ ጥጥ ይሁን። ሽሮ ሜዳም መርካቶም ስትገዙ ከሱቁ በራፍ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩት።

ነጠላን በተመለከተ አንድ ስህተት ሠርተናል። ቀለም ወደ ፊት ይቅረብ ብለን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገን ለበስነው። እማማ አንዷ አይተው «ለቅሶ ልትሄዱ ነው?» አሉን። ለካ ከሸሸነው ጥያቄ ጋር መልሰን ተገናኝተናል! ጥለቱ እንደ ወትሮው ወደ ታች ይሁን፤ ቀለሙ ከነጠላው ሥር ባለው ሻሽ ይምጣ።

ቀይስ? ቀይ ያምራል። ነገር ግን ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት ራሱ ቀይ ነው፤ እሱን ከወሰድነው መካከል ቀይ ሻሽ ስናይ የሚያቅለሸልሸን አለን። እንዲህ ላለች ሴት ቀይ ያምርብሻል ብሎ መከራከር አይገባም።

ወደ መዋቢያው እንለፍ። ቅንድብም ይረግፋልና ሳይረግፍ ፎቶ ተነሡ፤ ቦታው ይጠፋል። በእርሳስ ስትሠሩት ድፍን ጥቁር መስመር ሳይሆን በጠቆር ያለ ቡኒ አጫጭር ጭረት ይሁን። ከዓይን ሥር ላለው ጥቁረት ነጣ ያለ ፓውደር አይረዳም፤ ይበልጥ አመድ ያስመስላል። ቀድሞ ጥቂት ብርቱካንማ ቀለም፣ ከላዩ የገላን ቀለም የሚመስል ፋውንዴሽን ነው። አፍ ሲቆስል ግን ሊፕስቲኩ ይቆይ፤ ቫዝሊን ይበቃል።

ኩልን የምንወድ ብዙ ነን። ባህላዊው ኩል እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰዓት የጋራ መኳያ ደግሞ ኢንፌክሽን ያመጣል። ማስካራም እንደዚሁ የግል ይሁን። ማድያቱን ለማጥፋት ተብለው የሚሸጡ ማንጫ ክሬሞችን አትንኩ፤ ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ። ጥፍር የምንቀባ ደግሞ ለሕክምና ስንሄድ ቢያንስ የአንድ ጣት ቀለም እናጽዳ፤ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጠቆር ባለ ቀለም ሥር ሊሳሳት ይችላል።

ለጡት ቀዶ ሕክምና ለሚሄዱ፣ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ቀሚስ ያዘጋጁ፤ በተሠራው በኩል ያለው እጅጌ ሰፋ ይበል። ጨረር ለሚጀምሩ ደግሞ፣ በሚታከመው ገላ ላይ ሐኪም ያላዘዘው ቅባትም ሽቶም አይነካም። ቦታውን ለመለየት የሚሠመረው ቀለም ልብስ ያበላሻል። ከእኛ አንዷ በነጭ የሐበሻ ቀሚስ ሄዳ እስከ ዛሬ አልለቀቀላትም፤ ስለዚህ ከውስጥ የሚለበሰው አሮጌ፣ ሰፊና የጥጥ ይሁን።

ያቺ ቀጠሮ ያሳለፈች እህታችን በሚቀጥለው ወይን ጠጅ ሻሽ አስራ ሄደች። በታክሲው ውስጥ ማንም ምንም አልጠየቃትም። ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፤ ታሪኳን እንድንናገር የፈቀደችልንም እሷ ናት።

ደጋፊዎቻችን፣ ይህ ወጪ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ወጥቶ ለብቻው በሒሳብ መግለጫው «የሕሙማን እንክብካቤ» ተብሎ ተጽፏል፤ ልትጠይቁን ትችላላችሁ። የሻሽ ሣጥኑ ቢሯችን ነው። የምታመጡት ሻሽ የታጠበ፣ ሊፕስቲኩ ያልተከፈተ ይሁን። ገዝታችሁ ከሆነ ደረሰኙን አትጣሉት፤ እንፈልገዋለን።