በረንዳ ላይ ያፈራ ቃሪያ

እሷ፦ በቀደም ያመጣህልኝ ቃሪያ መዓዛው አሁንም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ግቢ የለህም፤ የት ተከልኸው?

እሱ፦ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ አፉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን። ታችኛውን በጋለ ሚስማር በስቼ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ ሞላሁት። ዋናው ቀዳዳው ነው፤ ውሃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል።

እሷ፦ ቲማቲሙስ?

እሱ፦ እሱ አስቸገረኝ። አምና ኅዳር ላይ አበባው ሁሉ ረገፈ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቲማቲም ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። ዘንድሮ ጀሪካኑን የከሰዓት ፀሐይ ወደሚመታው ግድግዳ አስጠጋሁት፤ ግድግዳው ሙቀቱን ለሌሊት ያቆይለታል። ስድስት ፍሬ ይዟል፤ በየማለዳው እቆጥራቸዋለሁ።

እሷ፦ እኔ ሐበሻ ጎመንን የሚያህል የለም እላለሁ። የራሳችን ተክል ነው፤ ብርዱን ይችላል። እናቴ አናቱን ሳትነካ ከሥር ከሥር እየቀነጠበች ከአንድ መደብ ለወራት ታበላን ነበር።

እሱ፦ ክሽክሽ ሲወርረውስ?

እሷ፦ ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ አመድ ትነሰንስበታለች፤ እንዲጣበቅ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጤና አዳም ነው። ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ለምኖ መትከል ይበቃል። ቡና ሲፈላ ከደጅ ቀጥፎ ሲኒው ውስጥ ጣል ማድረግን የመሰለ ደስታ አላውቅም።

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ እናንተስ በምን ዕቃ ምን ተከላችሁ? የያዘላችሁንም የደረቀባችሁንም ደውላችሁ ንገሩን።