ከፖላርድ በኋላ የተዘጋው በር

አቅራቢ 1፦ ፍሪትዝ ፖላርድ እ.ኤ.አ. በ1920 ከአክረን ፕሮስ ጋር፣ ዛሬ ኤንኤፍኤል የምንለው የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱም ያንኑ ቡድን እየተጫወተ አሠለጠነ፤ በሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ መሆኑ ነው። ግን በሩ ተከፍቶ አልቀረም። ከ1934 እስከ 1945 አንድም ጥቁር ተጫዋች በሊጉ አልተሰለፈም።

አቅራቢ 2፦ እህቴ፣ ዘመኑ እኮ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር! ሥራ ጠፍቶ ነው የሚሉ አሉ።

አቅራቢ 1፦ ድቀቱ የሁሉንም ኪስ ነካ፤ ከሜዳ ሙሉ በሙሉ የጠፉት ግን ጥቁሮቹ ብቻ ናቸው። ችሎታ አልነበረም እንዳይባል፣ ፖላርድ ራሱ በሃርለም ብራውን ቦምበርስ የተባለ የጥቁሮች ቡድን ያሠለጥን ነበር። በኤንኤፍኤል ቀጣዩ ጥቁር ዋና አሠልጣኝ አርት ሼል የተሾመው በ1989 ነው፤ ፖላርድ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ።